የግጦሽ መሬት በሕገ መንግሥት ፊት፤ የአዋሽ ሸለቆ ከብት አርቢዎችና የአሜሪካ የካሣ ሕግ

መግቢያ

ከአዳማ ተነሥቶ በወለንጪቲ በኩል ወደ መተሐራ የሚወርድ መንገደኛ በመቶ ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ውስጥ ሦስት ዓይነት ምድር ያልፋል። በመጀመሪያ የጤፍና የቦሎቄ ማሳ ያያል፤ ቀጥሎ ግራር የበዛበት፣ ግመልና ፍየል የተሰማራበት ቆላ ይቀበለዋል፤ በመጨረሻም በፈንታሌ ተራራ አካባቢ፣ ከጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ወዲያ፣ በመስኖ የለመለመ የሸንኮራ አገዳ ይታየዋል። ጥቂት ወደ ምሥራቅ ሲያልፍ ደግሞ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይጀምራል።

መንገደኛው የሚያየው ይህን ነው። የሕግ ተማሪ ግን ከዚህ አልፎ መጠየቅ ይገባዋል። ይህ መሬት ከግጦሽነት ወደ አገዳ እርሻና ወደ ፓርክ ሲዛወር በሥራ ላይ የነበረው ሕገ መንግሥት ምን ይል ነበር? ማንም ሰው ያለ ካሣ ንብረቱን እንደማይነጠቅ የሚናገር አንቀጽ ነበረ ወይስ አልነበረም? ከነበረስ ለከብት አርቢው ስለ ምን አልደረሰለትም?

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልናስረዳ ያሰብነው ይህንኑ ነው። ነገሩን ከአሜሪካ ሕግ ጋር እያነጻጸርን የምናቀርብበትም ምክንያት አለን። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት ሲዘጋጅ አሜሪካዊው የሕግ አማካሪ ጆን ስፔንሰር ተካፋይ ነበሩ፤ ስለ ሕዝብ መብት የሚናገረውም ክፍል ከአሜሪካ ሕገ መንግሥት ጋር ያለው ዝምድና ጎልቶ ይታያል። ከዚህም ሌላ፣ ሕገ መንግሥቱ በታወጀበት በ1955 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከእኛው ጥያቄ ጋር የሚመሳሰል ክርክር ቀርቦለት ፍርድ ሰጥቶበታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንድ ነገር ይገለጣል፤ ይኸውም የካሣ ዋስትና ስሙ በወረቀት የሰፈረውን ሰው ሲጠብቅ፣ መሬቱን በጋራ የሚጠቀመውን ሕዝብ ከደጅ ያስቀረ መሆኑ ነው።

አንባቢው እንዳይደናገር፣ የኢትዮጵያን ሕጎች ዓመት በራሳችን አቆጣጠር ዓ.ም. እያልን፣ የቀረውን ግን በአውሮፓ አቆጣጠር እ.ኤ.አ. እያልን እንጽፋለን።

ሀ. የሜዳው ሥርዓት

በፈንታሌ ወረዳና በአካባቢው ከብት፣ ግመል፣ በግና ፍየል እያረቡ የሚኖሩት የከረዩ ኦሮሞዎች ናቸው። ሕዝቡ ባሶና ዱላቻ በሚባሉ ሁለት ታላላቅ ክፍሎች የተመደበ ነው፤ የገዳ ሥርዓት እስከ ዛሬ ጸንቶ ከሚሠራባቸው ቦታዎች አንዱ ይህ አገር ነው። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ሥርዓቱም በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

የግጦሹን አሠራር ያልተረዳ ሰው የካሣውን ጥያቄ ሊረዳ ስለማይችል፣ በጥቂቱ ማብራራት ያስፈልጋል። አገሩ ዝናም ያጥረዋል። ዝናም በጣለ ጊዜ ግን በየጎድጓዳው ውሃ ስለሚቋጥርና ሣር ስለሚበቅል መንጋው ከወንዙ ርቆ በሜዳውና በተራራው ግርጌ ይሰማራል። በእነዚህ ወራት የወንዙ ዳር ያርፋል። በጋው ጠንቶ ኩሬው ሲደርቅ፣ ሜዳውም ሲነጣ፣ መንጋው ሁሉ ወደ አዋሽ ይመለሳል። ጎርፍ ያራሰው የወንዙ ዳር ሣር ለክፉ ቀን የተቀመጠ ስንቅ ነው ማለት ይቻላል። ማን በየትኛው ወር የት እንደሚያሰማራ፣ ማን በየትኛው መውረጃ ከብቱን እንደሚያጠጣ የሚወሰነው በሽማግሌዎችና በጎሣው ሸንጎ ነው።

እንግዲህ ከዚህ አሠራር ሦስት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛ፣ መሬቱ የአንድ ሰው ሳይሆን የጋራ ነው። ሁለተኛ፣ አጠቃቀሙ በወራት የተከፈለ ስለ ሆነ በዝናሙ ወራት ወደ ወንዙ ዳር የሚመጣ መሐንዲስ ወይም ሹም ሰውም ከብትም የሌለበት ባዶ ሜዳ ይመስለዋል። ሦስተኛ፣ መብቱ የሚታወቀው በሰው ቃልና በልማድ እንጂ በጽሑፍ አይደለም። ሕጉ ከከብት አርቢው ጋር የተላለፈው በእነዚህ በሦስቱ ነገሮች እንደ ሆነ ከዚህ ቀጥሎ እናያለን።

ለ. የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የሰጠውና የነሣው

የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ37ኛው አንቀጽ ማንም ሰው የሕግ እኩል ጥበቃ እንዳይከለከል ደንግጎ ነበር። ይህ በአሜሪካ ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. የጸደቀውን 14ኛውን ማሻሻያ ያስታውሳል። 38ኛው አንቀጽ በኢትዮጵያውያን መካከል በሲቪል መብት አጠቃቀም ልዩነት እንዳይደረግ ይከለክል ነበር። 43ኛው ደግሞ ሕግ ያዘዘው ሥርዓት ሳይፈጸም ማንም ሕይወቱን፣ ነጻነቱን ወይም ንብረቱን እንዳያጣ ያዝ ነበር። ይህም በ1791 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሕገ መንግሥት ላይ ከተጨመረው ከ5ኛው ማሻሻያ ጋር አንድ መንፈስ አለው።

ለእኛ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው 44ኛው አንቀጽ ነው። በዚህ አንቀጽ መሠረት የሰው ንብረት ሊወሰድ የሚችለው በልዩ የማስለቀቂያ ሕግ መሠረት የሚኒስትር ትእዛዝ ሲወጣ፣ ትእዛዙም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ጸድቆ በነጋሪት ጋዜጣ ሲታተም፣ ትክክለኛ ካሣም ሲከፈል ነበር። በካሣው ልክ መስማማት ባይቻል ጉዳዩ በዳኝነት እንዲወሰን ታዟል። በመጨረሻም 122ኛው አንቀጽ ሕገ መንግሥቱ የበላይ ሕግ እንደ ሆነ፣ ከእርሱ ጋር የሚቃረን ሕግም ሆነ ትእዛዝ፣ ፍርድም ሆነ ውሳኔ ዋጋ እንደሌለው ያስታውቅ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ላነበበ ሰው ዋስትናው ሙሉ ይመስላል። ዳሩ ግን ወደ መጨረሻው ገደማ 130ኛው አንቀጽ ይመጣል። ይህ አንቀጽ በሰው ወይም በድርጅት ስም ያልተያዘ ሀብት ሁሉ፣ በተለይም ደኖች፣ የግጦሽ መሬቶች፣ ወንዞችና ሐይቆች የመንግሥት ሀብት መሆናቸውን ይናገራል። እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ ይህ ነው። 44ኛው አንቀጽ የሚጠብቀው የሰውን ንብረት ነው፤ 130ኛው ደግሞ የግጦሽ መሬት ከመጀመሪያውም የማንም ሰው ንብረት አልነበረም ይላል። ንብረት ካልሆነ ደግሞ «ተወሰደ» አይባልም፤ ካልተወሰደም ካሣ አይጠየቅበትም። በ44ኛው የተከፈተው በር በ130ኛው ለከብት አርቢው ተዘጋ።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይህን በር በመጠኑ ሊከፍተው ይችል ነበር። ከ1489ኛው ቁጥር ጀምሮ ስለ እርሻ ማኅበሮች ሲናገር፣ መንደር ወይም ጎሣ በጋራ የያዘውን መሬት እንደ ልማዱ በጋራ ሊሠራበት እንደሚችል ያመለክታል። ነገር ግን ሕጉ በጋራ ስለተያዘ መሬት ሲናገር፣ ሕገ መንግሥቱ ራሱ የግጦሽ መሬትን ለመንግሥት ስለ ሰጠው፣ ዘላኑ በዚህ ቁጥር ለመጠቀም በመጀመሪያ መሬቱ የእርሱ መሆኑን በጽሑፍ ማስረዳት ያስፈልገው ነበር።

ሐ. ውሉ፣ ግድቡና ባለሥልጣኑ

በ1951 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ መንግሥት ቀድሞ በኢንዶኔዥያ ይሠራ ከነበረው ኤች. ቪ. ኤ. ከተባለ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተዋዋለ። ኩባንያው ከአዳማ በስተ ደቡብ በሚገኘው በወንጂ ሜዳ ሸንኮራ አገዳ ተክሎ በ1954 የስኳር ፋብሪካውን ሥራ አስጀመረ። ሜዳው ቀድሞ የጅሌና የአርሲ ኦሮሞ ከብት የሚሰማራበት ነበር። በ1960 የቆቃ ግድብ ተመርቆ 43 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል መስጠት ሲጀምር፣ ከበላዩ የነበረው የወንዝ ዳር መሬት በውሃ ተሸፈነ። በ1962 የሸዋ ፋብሪካ በወንጂ ተጨመረ። በ1965 ኤች. ቪ. ኤ. በመተሐራ ሌላ ኮንሴሲዮን ተቀብሎ በ1960ዎቹ መጨረሻ ስኳር ማምረት ጀመረ፤ እርሻውም ውሎ አድሮ 10,000 ሔክታር ያህል ደረሰ። የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ በ1966 ተመሥርቶ በ1969 በትእዛዝ ቁጥር 54 በሕግ ጸና፤ ስፋቱም 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሮቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ይህን ሁሉ በአንድ እጅ የሚያስተባብር መሥሪያ ቤት በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ይባል ነበር፤ ቻርተሩም በነጋሪት ጋዜጣ ወጥቷል። በሸለቆው ውስጥ የሚገኘውን የመንግሥት መሬትና ውሃ የማልማት፣ ውሃውን የማደላደልና ክፍያ የመቀበል ሥልጣን ተሰጠው። አሠራሩ አሜሪካ በ1933 እ.ኤ.አ. ካቋቋመችው ከቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን ጋር ይመሳሰላል። በሁለቱም ዘንድ አንድ ወንዝ ከምንጩ እስከ መጨረሻው ለአንድ መሥሪያ ቤት ተሰጠ፤ መሥሪያ ቤቱም ከተራው አስተዳደር ተለይቶ ራሱን ችሎ ቆመ።

መመሳሰሉ ግን በዚህ አያበቃም። በቴነሲ ግድቦቹ ሲሠሩ መሬታቸው በውሃ የተዋጠባቸው ባለርስቶች ዋጋ ተከፍሏቸዋል፤ በሰው መሬት ላይ ያርሱ የነበሩት ጭሰኞች ግን ለመሬቱ የሚከፈላቸው አልነበረም። በአዋሽም ከረዩዎች ከወንዙ ዳር ሲነሡ እንደ ባለመሬት ስላልተቆጠሩ ካጡት ግጦሽ ጋር የሚመጣጠን ካሣ አላገኙም። አያሌው ገብሬ በ2001 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የከረዩን መሬት ከ1941 ጀምሮ እየተቀነሰ መሄዱን በዝርዝር አሳይተዋል፤ ይህን ጉዳይ ሊመረምር የሚፈልግ ጓደኛችን ሁሉ ከዚያ ቢጀምር መልካም ነው።

ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን ሌላውንም ወገን ማንሣት ይገባናል። ስኳሩ ለአገር ጠቅሟል፤ የቆቃ መብራት ለአዲስ አበባም ለአዳማም ደርሷል። ከከምባታ፣ ከሐድያና ከወላይታ የመጡ ብዙ ሠራተኞች በወንጂና በመተሐራ እንጀራ አግኝተዋል፤ አዳማም ያደገችው በባቡሩ ብቻ ሳይሆን በዚህ ሥራ ጭምር ነው። ስለዚህ ጥያቄያችን ልማቱ ጠቀመ ወይስ ጎዳ የሚል አይደለም። ጥቅሙ የሁሉ ሲሆን ወጪውን የተሸከመው ማን ነው የሚል ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቆቃ ግድብ በተመረቀበት በ1960 እ.ኤ.አ. አርምስትሮንግ በተባለ ሰው ስም በሚጠራው ክርክር ይህንኑ አሳብ መርሕ አድርጎታል፤ የካሣ አንቀጽ የተጻፈው መላው ሕዝብ ሊሸከመው የሚገባውን ሸክም ጥቂት ሰዎች ብቻቸውን እንዳይሸከሙ ነው ብሏል።

መ. ያው ጥያቄ በአሜሪካ

በሚሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን የአሜሪካን ታሪክ ስናጠና የአገሩ ነባር ሕዝቦች በመጀመሪያው ምዕራፍ ታይተው ወዲያው ይጠፉ ነበር። ወደ ሕግ ጥናት ስንገባ ግን የመሬት ሕግ ያለ እነርሱ እንደማይነገር ተረዳን።

ነገሩ የሚጀምረው በ1823 እ.ኤ.አ. በጆንሰንና በማክኢንቶሽ ክርክር ነው። የዳኞቹ አለቃ ጆን ማርሻል በሰጡት ፍርድ፣ ነባሮቹ ሕዝቦች በመሬታቸው ላይ የመቀመጥና የመጠቀም መብት ቢኖራቸውም ዋናው ባለቤትነት አገሩን «አገኘሁት» ላለው መንግሥት ነው ተባለ። መቀመጥ እንጂ ባለቤትነት የለም ማለት ነው። የእኛ 130ኛ አንቀጽ ከዚህ አሳብ የራቀ አይደለም።

ከ132 ዓመት በኋላ ጉዳዩ በአላስካ ተነሣ። ቲ-ሂት-ቶን የሚባሉት የትሊንጊት ሕዝብ ክፍል ቁጥራቸው ከ60 እስከ 70 ቢሆንም፣ ከጥንት ጀምሮ ዓሣ ሲያጠምዱበትና ሲያድኑበት በኖሩት ከ350,000 ኤክር በላይ በሆነ መሬት ላይ መብት አለን ይሉ ነበር። በ1951 እ.ኤ.አ.፣ ማለት የወንጂ ውል በተፈረመበት ዓመት፣ የአሜሪካ መንግሥት በዚሁ አገር ያለውን እንጨት ለአንድ የግል ኩባንያ ለመሸጥ ተዋዋለ። ነባሮቹም በ5ኛው ማሻሻያ መሠረት ካሣ ይገባናል ብለው ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1955 አምስት ዳኞች በአንድ ወገን ሦስቱ በሌላው ሆነው ክሱን አልተቀበለም። የብዙኃኑን ፍርድ የጻፉት ዳኛ ሪድ፣ መብቱ በኮንግሬስ በግልጽ ስላልታወቀ መንግሥት ያለ ካሣ ሊያነሣው ይችላል አሉ። ዳኛ ዳግላስ፣ ከዳኞቹ አለቃ ዋረንና ከዳኛ ፍራንክፈርተር ጋር ሆነው ተቃወሙ።

የዚህን ፍርድ ትርጉም ለመረዳት ከሌላ ፍርድ ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። ሱ የተባለው ሕዝብ ብላክ ሒልስ የሚባሉትን ተራሮች በ1868 እ.ኤ.አ. በተፈረመ ውል አስከብሮ ነበር። ወርቅ ሲገኝ መንግሥት በ1877 በሕግ ወሰዳቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 ይህ መውሰድ ካሣ የሚገባው መሆኑን አጽንቶ ከወለዱ ጋር ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፈል ፈረደ። በቲ-ሂት-ቶንና በሱ መካከል ያለው ልዩነት የመሬቱ አጠቃቀም ወይም የኑሮው ጥንታዊነት አይደለም። አንደኛው ወገን የተፈረመ ወረቀት ነበረው፤ ሌላው አልነበረውም። የሱ ሕዝብ ግን ተራሮቹ ይመለሱልን እንጂ ገንዘብ አንፈልግም ብሎ ክፍያውን አልተቀበለም። ይህም ካሣ ሁሉን ቁስል የሚሽር መድኃኒት አለመሆኑን ያስተምራል።

በአሜሪካም በመንግሥት መሬት ላይ ከብት የሚያሰማራ ነጭ ገበሬ ቢሆን ከዚህ ሕግ አላመለጠም። በ1934 እ.ኤ.አ. የወጣው የቴይለር የግጦሽ ሕግ ፈቃድ ይሰጣል፤ ፈቃዱ ግን በመሬቱ ላይ መብት አይፈጥርም ይላል። በዚህም መሠረት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 በፉለር ክርክር፣ የአሪዞና አርቢዎች የግል መሬታቸው ሲወሰድ የግጦሽ ፈቃዱ ለመሬታቸው የጨመረውን ዋጋ መንግሥት እንዲከፍል አይገደድም ብሏል።

ይሁን እንጂ የአሜሪካ ሕግ በዚህ ቆሞ አልቀረም፤ በሦስት መንገድ ተሻሽሏል። አንደኛው የሕግ አውጪው መንገድ ነው። ኮንግሬስ በ1971 እ.ኤ.አ. ለአላስካ ነባር ሕዝቦች 44 ሚሊዮን ኤክር መሬትና 962.5 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቶ የቀረውን ጥያቄ ዘጋ። ፍርድ ቤት የከለከለውን ሕግ አውጪው ሰጠ ማለት ነው። ሁለተኛው የአስተዳደር ሥርዓት ነው። በ1946 የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ መሥሪያ ቤቶች ደንብ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ እንዲያስታውቁና አስተያየት እንዲቀበሉ ያስገድዳል።

ሦስተኛው የሊቃውንት ጽሑፍ ነው። ቻርልስ ራይክ በ1964 በዬል የሕግ መጽሔት «አዲሱ ንብረት» በሚል ርእስ ባወጡት ጽሑፍ፣ በዘመናችን የሰው ኑሮ የተመሠረተው በርስት ብቻ ሳይሆን ከመንግሥት በሚያገኘው ፈቃድ፣ ጡረታና ድጎማ ጭምር ስለ ሆነ፣ ይህም እንደ ንብረት ጥበቃ ሊደረግለት ይገባል ብለው ተከራከሩ። ከስድስት ዓመት በኋላ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጎልድበርግና በኬሊ ክርክር የድኾች ድጎማ ከመቋረጡ በፊት ባለጉዳዩ ቀርቦ እንዲሰማ ሲያዝ ይህን ጽሑፍ ጠቅሷል። በዚያው በ1964 በአገራችንም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ የኢትዮጵያ የሕግ መጽሔት መታተም ጀመረ፤ የፋኩልቲው የመጀመሪያ ዲን ጄምስ ፖልም አሜሪካዊ ነበሩ። የራይክን አሳብ ወደ አዋሽ ብናመጣው እንዲህ ይሆናል፤ ንብረት ማለት ወረቀቱ ሳይሆን ኑሮው የቆመበት ነገር ነው። ለከረዩ ደግሞ ይህ የበጋው የወንዝ ዳር ነው።

ሠ. ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የገጠሩን መሬት ሁሉ የኢትዮጵያ ሕዝብ የጋራ ሀብት አደረገው። ስለ ዘላኖችም በተለይ ሲደነግግ፣ በልማድ ለግጦሽ በሚጠቀሙበት መሬት ላይ የይዞታ መብት እንዳላቸው ተናገረ። በጽሑፍ ደረጃ ይህ ታላቅ ለውጥ ነበር፤ ልማድ በሕግ ዓይን መብት ሆነ። ነገር ግን የስኳር እርሻዎቹ ወደ መንግሥት ተዛወሩ እንጂ ወደ ግጦሽ አልተመለሱም።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ከዚህ ይበልጥ ሄደ። በ40ኛው አንቀጽ በንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ መሬት በነጻ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት አላቸው፤ ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ይላል። በ44ኛው አንቀጽ ደግሞ በመንግሥት ፕሮግራም የተፈናቀሉ ሰዎች ተመጣጣኝ ካሣ ወይም ሌላ ምትክ እንዲያገኙ ያዛል። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የግጦሽ መሬት በመንግሥት ሀብት ዝርዝር ውስጥ ተገኝቶ ነበር፤ በ1987ቱ ግን በሰዎች መብት ክፍል ውስጥ ተገኘ። የስፍራው ለውጥ ቀላል አይደለም።

«በሕግ ይወሰናል» የሚለው ቃል ግን ከባድ ነው። ዝርዝሩ ካልወጣ ወይም ከዋናው አሳብ ያነሰ ሆኖ ከወጣ፣ መብቱ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው ይሆናል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 መንግሥት የመሬት ባለቤት እንደ መሆኑ የወል ይዞታን እንደ አስፈላጊነቱ ወደ ግል ይዞታ ሊያዛውር እንደሚችል ይናገር ነበር። ይህ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1324/2016 ተተክቷል። በዚያው በ1997 የወጣው የካሣ አዋጅ ቁጥር 455 ደግሞ በዋናነት የሚመዝነው በመሬቱ ላይ የሰፈረውን ቤት፣ ሰብል፣ ዛፍና ቋሚ ማሻሻያ ነበር። በደንብ ቁጥር 135/1999 ስለ ተጠበቀ ሣር የካሣ ስሌት ቢኖርም፣ ስሌቱ የመሬቱን ስፋት በሣሩ ምርትና በገበያ ዋጋው ማባዛት ነበር።

በኋላ የወጣው የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሁለት ጠቃሚ ነገሮችን አመጣ። የወል መሬት ሲወሰድ ካሣው የሚተመነው የመሬቱን ጥቅም ወይም የተፈናቃዮቹን የቀረ ጥቅምና መተዳደሪያ መሠረት አድርጎ እንዲሆን ደነገገ፤ አቤቱታ የሚሰማ አካልና የይግባኝ ጉባኤም እንዲቋቋም አዘዘ። ከዚህ ሌላ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን አስታውቀው አስተያየት እንዲቀበሉ ያዛል። ይህም ከ1946ቱ የአሜሪካ ሕግ ጋር የሚዛመድ ነው። ሆኖም መሬትን የሚያስተዳድሩት ክልሎች ስለሆኑ፣ ይህ አዋጅ በመሬት ረገድ የሚደርሰው እስከ ፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ደጅ ድረስ ብቻ ነው።

ረ. የሚዛኑ ጥያቄ

መብቱ ታውቆ፣ ካሣም ይከፈል ተብሎ ከተወሰነ በኋላ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል፤ እርሱም መለኪያው ነው። ነገሩ ግልጽ እንዲሆን ለምሳሌ ያህል አንድ መንደር እናስብ። መንደሩ ዘጠኙን ወር በሰፊው ሜዳ፣ ሦስቱን የበጋ ወራት በጠባቡ የወንዝ ዳር ከብቱን ያሰማራል። መንግሥት የሚፈልገው የወንዙን ዳር ብቻ ነው። ገማቹ በሔክታር ቢለካው የተወሰደው ከጠቅላላው ግጦሽ ከአሥር እጅ አንዱ ብቻ ይሆናል፤ በወር ቢቆጥረውም ከአሥራ ሁለቱ ሦስቱ ናቸው። ስለዚህ ትንሽ ካሣ ከፍሎ ዘጠኙን እጅ ትቼላችኋለሁ ሊል ይችላል።

ነገር ግን በእነዚያ በሦስት ወራት ውሃና ሣር ያጣ ከብት ዝናም እስኪመጣ አይቆይም። ከብቱ ካለቀ ደግሞ የቀረው ዘጠኝ እጅ ሜዳ ለማንም አይጠቅምም። ከአሥር እጅ አንዱን የወሰደ ሰው አሥሩንም እንደ ወሰደ ይቆጠራል ማለት ነው። በአዋሽ ዳር የደረሰውን ጉዳት በሔክታር ብቻ የሚናገር ጽሑፍ ሁሉ ከጉዳቱ ብዙውን ክፍል ይደብቃል። ካሣ መመዘን ያለበት በተወሰደው ቁራጭ ሳይሆን ቁራጩ ደግፎ ያቆመው ኑሮ ሁሉ በደረሰበት ጉድለት ነው። የ2011ዱ አዋጅ «መተዳደሪያ» የሚለውን ቃል ማስገባቱ ለዚህ አሳብ በር ይከፍታል። በሩ የሚሰፋው ግን ገማቹ በበጋም በክረምትም መሬቱን ሲያይና የሜዳውን ሥርዓት የሚያውቁትን ሽማግሌዎች ሲጠይቅ ነው።

ማጠቃለያ

እንግዲህ እስካሁን የተናገርነውን በአጭሩ ብንሰበስበው እንዲህ ይሆናል። በ1955 እ.ኤ.አ. በሁለት በጣም በተራራቁ አገሮች የካሣ ዋስትና በሕገ መንግሥት ተጽፎ ሳለ በጋራ መሬት ለሚኖሩት አልደረሰም። ያልደረሰበትም ምክንያት አንድ ነው፤ ሕጉ ንብረትን ያወቀው በጽሑፍ ብቻ ነበር። አሜሪካ ጉድለቱን በከፊል ያረመችው በሕግ አውጪዋ፣ በአስተዳደር ሥርዓቷና በሊቃውንቷ ጽሑፍ ነው። እኛም ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በጽሑፍ ብዙ ርቀት ሄደናል፤ የቀረው ሥራ በአብዛኛው የመለካትና የመስማት ሥራ ነው።

የኦሮሚያ ክልል ሕግ አውጪ ምክር ቤት «ጨፌ» ይባላል፤ ጉባኤውንም በአዳማ በገልማ አባ ገዳ ሲያደርግ ቆይቷል። ጨፌ ማለት ውሃ ገብ የሆነ ለምለም መስክ ነው። ሽማግሌዎች ስለ ሕግ ለመምከር በእንዲህ ያለ መስክ ይሰበሰቡ ስለ ነበረ ስሙ ለምክር ቤቱ ተሰጠ። የምክር ቤቱ ስም ራሱ መስክና ሕግ በዚህ አገር ተለያይተው እንዳልኖሩ ይመሰክራል።

ለጓደኞቻችን ለተማሪዎች አንድ አሳብ ብናቀርብ ደስ ይለናል። በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችን ስንመለስ፣ በተለይም ከፈንታሌ፣ ከቦሰት፣ ከዱግዳና ከአርሲ ነገሌ አካባቢ የመጣን፣ የየመንደሩን የግጦሽ ሥርዓት ከሽማግሌዎች እየጠየቅን በየወሩ ማን የት እንደሚያሰማራ፣ የትኛው ሣር ለበጋ እንደሚቆይ፣ የትኛው መውረጃ የማን እንደ ሆነ በካርታና በጽሑፍ ብናስቀምጥ ትልቅ ጥቅም ይሰጣል። ሕጉ የሚያውቀው የተጻፈውን ነው ካልን፣ ገማቹ ሜትሩን ይዞ ከመምጣቱ በፊት መጻፍ የሚችል ሰው ዝም ብሎ መቀመጥ አይገባውም። መምህሮቻችንም እንዲህ ያለውን ጽሑፍ እንደ አንድ የጥናት ሥራ ቢቀበሉልን፣ ነገ የይግባኝ ጉባኤው ፊት የሚቀርብ አርብቶ አደር በእጁ የሚይዘው ነገር ያገኛል።